ቴፕ ማጥፋት ምንድን ነው? የ«ነምበር 96» የጠፉ ክፍሎች

አንድ ተከታታይ ድራማ ከተላለፈ በኋላ ቅጂው የት ይገባል? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ጊዜ ተመልሶ መቅጃ ማሽን ውስጥ ይገባና ሌላ ፕሮግራም ይቀዳበት ነበር። ያኔ ካሴት ላይ ደርበን እንደምንቀዳው ማለት ነው። ቴፕ ማጥፋት የሚባለው ይሄ ነው።

ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የአውስትራሊያው «ነምበር 96» ነው። ድራማው እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1972 ጀምሮ በ1977 አበቃ፤ 1,218 ክፍሎች ነበሩት። ታሪኩ በሲድኒ አንድ አፓርታማ ነዋሪዎች ላይ ያጠነጥናል። ጆ ሃሻም የተጫወተው ዶን ፊንሌሰን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው፤ ጎረቤቶቹም ይወዱታል። ያኔ ሲድኒ ባለችበት ግዛት ይህ በወንዶች መካከል ወንጀል ነበር። ሕጉ የተነሳው በ1984 ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየማታው ሳሎን ድረስ ማስገባት ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አጠፉት? ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው። የዘመኑ ቴፕ ሁለት ኢንች ስፋት ያለው፣ ከባድና ውድ ዕቃ ነበር። ድራማው በሳምንት አምስት ማታ ሲተላለፍ ቴፑ ምን ያህል እንደሚከመር አስቡት። ቤቱ ቪዲዮ ማጫወቻ ያለው ሰው እምብዛም ስላልነበር፣ የድሮ ክፍል ገዝቶ የሚያይ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። በ1975 አውስትራሊያ ወደ ባለቀለም ቴሌቪዥን ስትሻገር ደግሞ ጥቁርና ነጩ ገበያ አጣ። ከእነዚያ ክፍሎች የተረፉት በጣም ጥቂት ናቸው። በጣም የሚያስቆጨኝ፣ የጠፋው ድራማው ድንበር የጣሰበት የመጀመሪያው ዘመን መሆኑ ነው።

ባለቀለሞቹ በአብዛኛው ተርፈዋል። በሴፕቴምበር 1975 የተላለፈው የቦምብ ፍንዳታ ከእነሱ አንዱ ነው። ተመልካች እየቀነሰ ስለነበር አዘጋጆቹ የሕንፃውን ምግብ መደብር አፈነዱት። የመደብሩን ባለቤቶች አልዶንና ሮማን ጨምሮ የታወቁ ገጸ ባሕርያት በአንድ ማታ ሞቱ።

በ1974 ለሲኒማ የተሠራው የድራማው ፊልምም አለ። ሕዝቡ ቤቱ በጥቁርና ነጭ የሚያያቸውን ተዋናዮች ሲኒማ ቤት በቀለም አያቸው። ፊልም ደግሞ አንዴ ከተቀረጸበት ሌላ ነገር አይደረብበትም፤ ስለዚህ እሱ ተረፈ።