የውሻ ጆሮ መቁረጥ ምንድን ነው? ለምንስ ይቆረጣል?

በፎቶግራፍ የምናውቀው ዶበርማን የተባለው የውሻ ዝርያ ጆሮው እንደ ጦር ጫፍ ሽቅብ የቆመ ነው። ብዙ ሰው አፈጣጠሩ እንዲያ ይመስለዋል። ዶበርማን ግን የሚወለደው ጆሮው ወደ ጉንጩ ተንጠልጥሎ ነው፤ ግሬት ዴንም፣ ቦክሰርም፣ ካኔ ኮርሶም እንደዚሁ። ጆሮውን ያቆመው የሰው እጅ ነው።

ጆሮ መቁረጥ ማለት ከራስ ቅሉ ውጭ ካለው ተንጠልጣይ የጆሮ ክፍል ላይ ቆዳውን በውስጡ ካለው ለስላሳ አጥንት (ካርቲሌጅ) ጋር ቆርጦ ማንሳት ነው። በሐኪም እጅ ሲሠራ ቡችላው ከ7 እስከ 12 ሳምንት ዕድሜ ላይ ሳለ፣ በሙሉ ማደንዘዣ ይደረጋል፤ ጠርዙም ይሰፋል። ሥራው ግን በዚህ አያልቅም። የተቆረጠው ጆሮ ብቻውን ስለማይቆም በድጋፍ ተወጥሮ በፕላስተር ይታሰራል፤ ፕላስተሩ በየጥቂት ቀኑ እየተፈታ እንደገና ይጠቀለላል። ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሳይቆም የሚቀር ጆሮ አለ።

መነሻው ከንቱ አልነበረም። የግሬት ዴን ቅድመ አያቶች በጀርመን ደኖች የዱር አሳማ የሚያድኑ ውሾች ነበሩ። የዱር አሳማ በክራንቻው ሲመታ መጀመሪያ የሚቀደደው ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘው ጆሮ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ደም ሥር የበዛበት ስለሆነ ብዙ ይደማል። በቱርክ፣ በካውካሰስና በመካከለኛው እስያ በግ የሚጠብቁ ትላልቅ ውሾችም ከተኩላ ጋር ይተናነቃሉ። ተኩላው በጥርሱ የሚይዘው እንዳያገኝ እረኞች ገና በቡችላነታቸው ጆሯቸውን ይቆርጣሉ፤ ለጉሮሮው ደግሞ ሹል ብረት የተተከለበት ማሰሪያ ያደርጉለታል። ጆሮው የተቆረጠ ውሻ በእኛም አገር ብርቅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንባቢ በእረኛው አቆራረጥና ለውሻ መልክ ውድድር በሚደረገው አቆራረጥ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንዲል እፈልጋለሁ፤ ለእኔ ትክክለኛውን ምክንያት የሚናገረው ቅርጹ ነውና። እረኛው ሲቆርጥ ከሥሩ አስጠግቶ ነው፤ የሚያዝ ነገር አይተርፍም። ለውድድር መድረክ የሚቀረጸው የግሬት ዴን ጆሮ ግን ረጅምና ቀጭን ሆኖ ሽቅብ ይቆማል። ጠላት እንዳይዘው ነው ከተባለ፣ ይህን የመሰለ ለመያዝ የሚመች ጆሮ ለምን ይተውለታል? ከክራንቻና ከተኩላ የመጣው ልማድ ሳሎን ሲገባ ዓላማው ተለውጧል። አሁን የሚፈለገው መልክ ነው፤ ውሻው ንቁና አስፈሪ ሆኖ እንዲታይ።

ሌላው ዘወትር የሚሰማው ምክንያት ጤና ነው፤ የተንጠለጠለ ጆሮ አየር ስለማያገኝ ይቆስላል ይባላል። በጆሮ ሕመም ከሚታወቁት ዝርያዎች አንዱ ግን ጆሮው ከባድና ጸጉራም የሆነው ኮከር ስፓንኤል ነው፤ የእርሱን ጆሮ የሚቆርጥ የለም። ጤናው ቢሆን ኖሮ መቀሱ መጀመሪያ የሚደርሰው እርሱ ዘንድ ነበር። ደግሞም ውሻ በጆሮው ይናገራል። ሲፈራ ወደ ኋላ ያጥፈዋል፣ አንድ ነገር ሲያስተውል ወደ ፊት ያቀናዋል፤ ሌላው ውሻም ያን አይቶ ይጠጋል ወይም ይርቃል። ጆሮው ሲያጥር ይህ ንግግር ይደበዝዛል።

ሕጉ እንደየአገሩ ነው። የውሻ ዝርያዎችን መዝግቦ የመልክ ውድድር የሚያዘጋጀው የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ ጆሯቸው የተቆረጠ ውሾችን ከውድድር ማገድ የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ለመልክ ሲባል ጆሮ መቁረጥን ይከለክላል። ዶበርማን፣ ግሬት ዴንና ቦክሰር ዝርያቸው የዳበረባት ጀርመንም ድርጊቱን በሕግ ከልክላለች፤ ስለዚህ ዛሬ በትውልድ አገሩ የሚያድገው ዶበርማን ጆሮው እንደ ተፈጥሮው የወደቀ ነው። አሜሪካ ግን ሌላ ናት። የአገሪቱ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ለመልክ ብቻ የሚደረገውን ቆረጣ ይቃወማል፤ የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በበኩሉ የዝርያውን ባሕርይ ለመጠበቅ ተቀባይነት ያለው ልማድ ነው ይላል። ሆኖም በዚያም ቢሆን ጆሮው ያልተቆረጠ ዶበርማን ለውድድር መቅረብ ይችላል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቼ ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱን ለመግዛት ካሰቡ አንድ ነገር ይወቁ። ቡችላ ወደ ገዢው ቤት የሚሄደው ብዙ ጊዜ በ8 ሳምንት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው እርስዎ ሳያዩት በአርቢው ዘንድ ሊያልቅ ይችላል። ጆሮው እንዳይነካ የሚፈልጉ ከሆነ ቡችላውን ሊረከቡ በሚሄዱበት ዕለት ሳይሆን፣ ቀብድ ሲከፍሉ ይናገሩ፤ በውሉም ላይ ያስጽፉት።