ቦታ ሲከፈል፣ ሲሸነሸንና ሲገነባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኢትዮጵያ ከተሞች ቦታ ወርሶ፣ ገዝቶ ወይም በጨረታ አሸንፎ ቤት ለመሥራት የሚነሳ ሰው ሦስት ነገሮችን ማስታረቅ አለበት፦ በተለምዶ ካርታ የምንለውን የይዞታ ማረጋገጫ፣ የከተማውን ፕላን እና መሬት ላይ የተተከለውን ችካል። ሦስቱ ከተስማሙ ሥራው ይቀናል። አለመስማማታቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ገንዘብ ከተከፈለና መሠረት ከተቆፈረ በኋላ ነው። የሚከተሉት አባባሎች በደላላ፣ በዘመድና በጎረቤት አፍ ስለሚደጋገሙ እውነት መስለው ብዙ ሰው አስከስረዋል።

«ቦታው የራሴ ስለሆነ ባዶውንም ቢሆን እሸጠዋለሁ»

የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የከተማ ቦታ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40(3) መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። የግለሰቡ ንብረት በዚሁ አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 7 የተጠበቀለት ነው፦ በመሬቱ ላይ የሠራው ቤትና ያደረገው ቋሚ ማሻሻያ። ይህን መሸጥ፣ ማውረስና ማስያዝ ይችላል። ስለዚህ «200 ካሬ ባዶ መሬት ሸጫለሁ» የሚል ውል ገና ሲጻፍ ችግር አለበት።

የሊዝ ባለይዞታ፣ ማለትም ቦታውን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የያዘ ሰው፣ መብቱን ማስተላለፍ ይችላል፣ ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ግንባታውን ግማሽ ሳያደርስ ቢያስተላልፍ ከውርስ በስተቀር ሽያጩ በሚመለከተው አካል ክትትል በግልጽ መንገድ መካሄድ አለበት። ሻጩ የሚደርሰው የከፈለው የሊዝ ገንዘብ ከባንክ የማስቀመጫ ወለድ ጋር፣ የሠራው ግንባታ ዋጋ እና ከሊዝ መብቱ ማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪው ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። «ግማሽ» የሚባለውም በግምት አይለካም። ለቪላ የመሠረት፣ የኮለን (ምሰሶ) እና የላይኛው ቢም (አግዳሚ) ሥራ ማለቅ አለበት። ለፎቅ ደግሞ ከመሠረቱ በተጨማሪ ከጠቅላላው ወለል ቢያንስ የ50 በመቶው ስትራክቸር። አጥር አጥሮ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርቶ «ግማሽ ደርሷል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም መጠንቀቅ ነው።

«የአባታችን ቦታ 500 ካሬ ነው፤ አምስት ስለሆንን መቶ መቶ ይደርሰናል፣ ካርታውንም ለየብቻ እናወጣለን»

ቤተሰብን እንደዚህ የሚያጣላ ስህተት የለም። ወራሾቹ በመካከላቸው መስማማታቸው ወይም ፍርድ ቤት ወራሽ መሆናቸውን ማረጋገጡ አንድ ጉዳይ ነው። ቦታው በፕላኑ መሠረት መከፈል መቻሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህን የሚወስነው የከተማው መሬት አስተዳደር ነው። ሲወስንም ቢያንስ አራት ነገሮችን ያያል፦ እያንዳንዱ ቁራጭ ከተማው ካስቀመጠው ዝቅተኛ የቦታ ስፋት አለማነሱን፣ መንገድ ማግኘቱን፣ ቅርጹ ቤት ለመሥራት መመቸቱን፣ እንዲሁም ፕላኑ መንገድ ለማስፋት ወይም ለአረንጓዴ የያዘው ክፍል ውስጥ አለመግባቱን።

በቁጥር እንየው። ቦታው 20 በ25 ሜትር ነው፣ መንገዱ በ20 ሜትሩ ጎን ብቻ ያልፋል እንበል። እኩል ለአምስት ለመቁረጥ ወደ ኋላ ብንሰነጥቀው እያንዳንዱ 4 ሜትር ፊት ያለው 25 ሜትር የሚረዝም ቀጭን ቁራጭ ይሆናል። በዚያ ላይ ከወሰን መለቀቅ ያለበት ርቀት ሲቀነስ ቤት የሚያስገባ አይደለም። ሁለት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ እናድርግ ቢባል የኋላዎቹ መውጫ ያስፈልጋቸዋል። 3 ሜትር የሚሰፋ መተላለፊያ ከመንገዱ እስከ ቦታው መሐል 12.5 ሜትር ሲገባ 37.5 ካሬ ይወስዳል። ይህ መተላለፊያ ከኋላ ላሉት ለሦስቱም ስለማይደርስ በ20 ሜትሩ ስፋት ልክ ወደ ጎን መዘርጋት አለበት፤ ሌላ 60 ካሬ ሄደ። ከ500 ካሬው የቀረው 402.5 ነው፣ የእያንዳንዱ ድርሻም 80.5 ካሬ። መንገድ ማስፋፊያ ካለ ከዚህም ያነሳል። «መቶ መቶ» የሚለው ስምምነት የሚፈርሰው በሰው ክፋት ሳይሆን በዚህ ዓይነት ስሌት ነው፤ ስሌቱ ደግሞ ውል ከመፈረም በፊት በግማሽ ሰዓት የሚሠራ ነበር።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል። ቀጥሎ ክፍፍሉ ከመጻፉ በፊት ቦታው ይከፈል እንደሆነ ለመሬት አስተዳደር በጽሑፍ ይጠየቃል። ይከፈላል ከተባለ ቀያሽ ለክቶ ረቂቅ ይሠራል፣ የክፍፍል ውሉም በዚያ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ይጻፋል። በመጨረሻ የቀድሞው ካርታ መክኖ አዳዲሶቹ ይወጣሉ። ብዙ ሰው ውሉን አስቀድሞ ይጽፍና ጥያቄውን በኋላ ያቀርባል፤ ከዚያ በፍርድ ቤት የጸደቀ ክፍፍል ይዞ ከቢሮ «አይከፈልም» የሚል መልስ ሲያገኝ ጉዳዩ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

አይከፈልም ማለት መብት ጠፋ ማለት አይደለም። ካርታው በጋራ ስም ሊወጣ ይችላል፤ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ በግምት ገንዘብ ከፍሎ ሊያስቀር ይችላል፤ ካልሆነ ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፋፈላል። ከሦስቱ ለሰላም የሚበጀው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፣ ገንዘቡ በክፍያ መልክ ተራዝሞ ቢከፈል እንኳ። የጋራ ካርታ ለጊዜው ያስማማል፣ ግን ከወንድማማቾቹ አንዱ ለመሸጥ ወይም ለመበደር በፈለገ ቁጥር የሁሉም ፊርማ ስለሚያስፈልግ ጣጣው ለልጆቻቸው ይተላለፋል።

«ነባር ይዞታ ከገዛሁ ለእኔም ነባር ነው»

አይደለም። ነባር ይዞታ፣ ማለትም የሊዝ ሥሪት ከመምጣቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። በዚህ በኩል ስጦታም እንደ ሽያጭ ነው። ነባሩን ከጎኑ ካለ የሊዝ ቦታ ጋር ለመቀላቀል የጠየቀና የተፈቀደለትም ጠቅላላው ይዞታ ወደ ሊዝ ይገባበታል። ገዢው በጀት ሲያወጣ የቤቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሊዝ ክፍያውንና የስም ማዛወሪያ ወጪውን መጨመር አለበት።

«በጨረታ የጻፍኩት ዋጋ የዓመት ነው» እና «ሊዝ ማለት 99 ዓመት ነው»

በጨረታው ሰነድ ላይ የሚጻፈው የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ ነው፤ ለጠቅላላው የሊዝ ዘመን። ለምሳሌ በካሬ 20,000 ብር ተጫርቶ 200 ካሬ ያሸነፈ ሰው ጠቅላላ ዕዳው 4,000,000 ብር ነው። የቅድሚያ ክፍያው በአዋጁ ከ10 በመቶ አያንስም፣ ማለትም ቢያንስ 400,000 ብር፤ ከተማው ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ቀሪው 3,600,000 ብር በ30 ዓመት ይከፈል ቢባል በዓመት 120,000 ብር ይሆናል፣ በዚያ ላይ በንግድ ባንክ የብድር ወለድ መጠን የሚታሰብ ወለድ አለበት። ብዙዎች የሚረሱት ወለዱን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዋናው ክፍያ ሊበልጥ ይችላል። የሦስት ዓመት ውዝፍ ካለ ደግሞ የሚመለከተው አካል ንብረቱን ይዞ የመሸጥ ሥልጣን አለው።

99 ዓመቱም ለሁሉም አይደለም። ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ነው። በአዲስ አበባ ለትምህርትና ለጤና 90፣ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ዓመት ሲሆን፣ በሌሎች ከተሞች ለኢንዱስትሪ 80፣ ለንግድ 70 ዓመት ነው። የከተማ ግብርና 15 ዓመት ብቻ ነው። ዕድሳት የሚፈልግ ዘመኑ ሊያልቅ ከ10 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ማመልከት አለበት።

«ካርታ ካለው ምን ያሳስባል?»

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 ሥልጣን ያለው አካል የሰጠው የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠውን ሰው ባለቤት ያስገምታል ይላል። ያስገምታል እንጂ አይደመድምም፤ ቁጥር 1196 ማስረጃው ከሕግ ውጪ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል ከተሰጠ ግምቱ ሊፈርስ እንደሚችል ያስቀምጣል። ስለዚህ የካርታው ወረቀት ትክክለኛ መምሰሉ አይበቃም። መሬት አስተዳደር ዘንድ ያለው ማኅደር፣ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩ መጣራት አለባቸው። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ዘንድ ይመዝገብ። በመንደር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለዳኝነት መነሻ እንጂ ስም ለማዞር አያገለግልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ልኬቱ ነው። በካርታው ላይ የማዕዘኖቹ ኮርዲኔት ተጽፎ ይገኛል። ገዢው ቁጥሮቹን ስልኩ ላይ አስገብቶ ቦታውን ሊፈልግ ይሞክራል፣ ነጥቡም ሌላ ሰፈር ይወድቅበታል። በርካታ የከተማ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን ስልክ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ነው። በአዲስ አበባ አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ካርታው ሐሰተኛ ነው ብሎ መደምደምም ሆነ ስልኩ ባሳየው ቦታ ላይ ማጠር ሁለቱም ስህተት ነው። በቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት በሚለካ መሣሪያ) ወይም ለቅየሳ በተሠራ ጂፒኤስ የሚሠራ ቀያሽ አራቱንም ማዕዘን አግኝቶ ችካል ይትከል፣ አጎራባቾችም በቦታው ይገኙ። ከዚያ የተለካው ስፋት ከካርታው ስፋት ጋር ይነጻጸር። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የተጀመረው የካዳስተር (የይዞታ ወሰንና መብት) ምዝገባ በደረሰበት አካባቢ እያንዳንዱ ቁራሽ የራሱ መለያ ኮድ ስላለው ይህ ማጣራት ይቀላል።

«አርሶ አደሩ ወዶ ሸጦልኛል፤ ከተማው ሲደርስ ካርታ ይወጣለታል»

በከተማ ዳርቻ የሚሸነሸነው የእርሻ መሬት የሚሸጠው በዚህ ተስፋ ነው። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ማውረስና ማከራየት ይችላል፣ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝም ተፈቅዶለታል፤ መሬቱን ቆርሶ መሸጥ ግን አልተፈቀደለትም። ከተማው ወደዚያ ሲሰፋ መሬቱ በቅድሚያ ለሕዝብ ጥቅም ይለቀቃል፣ ካሣም ለሕጋዊው ባለይዞታ ይከፈላል። ከመካከል የገባው ገዢ በሰነድ አይታወቅም።

ሽንሸናው ራሱ በደላላ እንደሚነገረው አይሠራም። ከተሞቻችን በፕላን ሲሸነሸኑ የሚከተሉት መርህ 30፡30፡40 ይባላል፦ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ነው። ደላላው በ150 ካሬ ቆርጦ 66 ሰው ያስገባበታል። በፕላን ቢሸነሸን ለቤት የሚተርፈው 4,000 ካሬ፣ ማለትም 26 ቦታ ገደማ ነው። የቀሩት 40 ገዢዎች ገንዘባቸውን የከፈሉት ለመንገድ፣ ለፍሳሽ መስመርና ለመናፈሻ በሚውል መሬት ላይ ነው። ወደፊት ሕጋዊ ይደረግ ቢባል እንኳ ለእነሱ የሚሆን ቦታ በሥፍራው የለም።

«ለ15 ዓመት ግብር ከከፈልኩ የኔ ሆነ»

ይህ አባባል መነሻው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1168 ነው። ድንጋጌው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ሲሆን መሬት ደግሞ በግል ባለቤትነት የሚያዝ አይደለም። የግብር ደረሰኝ ሰነድ ለሌለው ይዞታ ደጋፊ ማስረጃ ይሆናል። በአዲስ አበባ የሰነድ አልባ ይዞታ ጉዳይ ሲታይ ግን ዋናው ጥያቄ ቤቱ በ1988 ወይም በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታ ላይ ይታያል ወይ የሚለው ነው።

«ቦታው የኔ ከሆነ የፈለግኩትን እሠራለሁ፤ ፈቃዱ ይደርሳል»

ዲዛይን ከማሠራት በፊት የፕላን ስምምነት ይወሰድ። ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑና በአካባቢ ልማት ፕላኑ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ፣ ከመንገድና ከወሰን ምን ያህል እንደሚለቀቅ የሚናገረው እሱ ነው። አርክቴክት ቀጥሮ ጂ ፕላስ 2 ካሠራ በኋላ አካባቢው ለሌላ ከፍታ የተመደበ መሆኑን የሚሰማ ሰው የዲዛይኑን ክፍያ ሁለቴ ይከፍላል።

በአዋጅ ቁጥር 624/2001 ምደባ ሕንፃዎች «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ተብለው ይከፈላሉ። በሁለት የኮንክሪት ወይም የብረት ስትራክቸሮች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ፣ እንዲሁም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ነው። ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥ፣ የሕዝብ መገልገያ ወይም ፋብሪካ የሆነ ሕንፃ ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባል። ምድቡ የሚያስፈልጉትን ባለሙያዎች፣ የሚቀርቡትን ፕላኖችና ቁጥጥሩን ይወስናል። ምድብ «ሐ» ሕንፃ ደግሞ ግንባታው ቢያልቅም የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳይወሰድ ሰው አይገባበትም።

ፈቃድ ወጥቶም ቢሆን መሠረት ሲቆፈር ችካሉ እንዳይነቀል ይጠንቀቁ። ቆፋሪዎች አፈር ሲያወጡ ማዕዘኑን ይቀብሩታል፣ ከዚያ መስመሩ በግምት ይሳባል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎረቤት የገባ መሠረት ደግሞ በአጎራባቹ አቤቱታ ሥራ ያስቆማል። ከእያንዳንዱ ማዕዘን ውጪ በአንድና ሁለት ሜትር ርቀት ማጣቀሻ ችካል ተክሎ ርቀቱን በወረቀት መያዝና ቁፋሮው ሲያልቅ ዋናውን ነጥብ ከማጣቀሻው መልሶ ማግኘት ይህን ያስቀራል። ግሬድ ቢም (ከመሠረቱ በላይ ግድግዳ የሚያርፍበት አግዳሚ ኮንክሪት) ከመሞላቱ በፊትም ቀያሹ አንድ ጊዜ ተመልሶ ይለካ፤ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ያለው ማስተካከያ ማፍረስ ብቻ ነው።