ፈረሱ «አመለኛ» ከመባሉ በፊት

ግልቢያ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፉ እንደ እውነት የተያዙ አባባሎች ሞልተዋል። ሲሰሟቸው ጉዳት ያላቸው አይመስሉም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ፈረሱ ነው፤ በጀርባው፣ በጅማቱ፣ አንዳንዴም ያለ ጊዜው ከሥራ በመውጣት። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«የፈረስ ጀርባ ለመሸከም የተፈጠረ ነው»

አይደለም። የፈረስ አከርካሪ በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል እንደ ድልድይ የተዘረጋ ነው። ከሥር ከባድ ሆድ ይጎትተዋል። ከላይ ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ይበልጥ ይጎደጉዳል። ቀና አድርጎ የሚይዘው የሆድና የጀርባ ጡንቻ ነው። ያ ጡንቻ ደግሞ በልምምድ እንጂ በራሱ አይመጣም።

ሌላም ነገር አለ። ከአንገታችሁ ሥር በግራና በቀኝ የሚዳሰሰውን፣ ትከሻን ከደረት የሚያገናኘውን አጥንት ንኩት። ፈረስ ይህ አጥንት የለውም። ደረቱ በፊት እግሮቹ መካከል ተንጠልጥሎ የሚቆየው በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው። ዝም ብሎ በቆመበት እንኳ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ያረፈው በፊት እግሮቹ ላይ ነው። ሰው ሲወጣበት ወደፊት ማዘንበሉ ይብሳል። ያልጠነከረ ፈረስ የሚቸኩለው፣ የሚደናቀፈው፣ ልጓሙ ላይ የሚደገፈው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው። እልኸኛ ሆኖ ሳይሆን ሚዛኑን ፍለጋ እየታገለ ነው።

«አንገቱን ከደፋ ሚዛኑን ጠብቋል»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ዛቡን ስቦ የፈረስ አንገት ማስደፋት ማንም ይችላል። ፎቶ ላይም ያምራል። ጀርባው ግን እንደጎደጎደ፣ የኋላ እግሮቹም ወደኋላ እንደቀሩ ናቸው።

ሚዛን የሚጀምረው ከኋላ ነው። ፈረሱ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር ያስገባል፣ ሆዱን ይሰበስባል፣ ጀርባው ይነሳል። አንገቱ ቦታውን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማንም ሳይጎትተው።

ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ለስላሳ መሬት ላይ በእርምጃ አስኪዱትና ዱካውን እዩ። ዘና ብሎ የሚራመድ ፈረስ የኋላ ኮቴው የፊቱ ኮቴ በረገጠበት ላይ ወይም ከዚያ አልፎ ያርፋል። በልጓም ተጨምድዶ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሳይደርስበት ይቀራል። አንገቱንም ከጎን ተመልከቱት። ጡንቻው ከላይ፣ ከጋማው ሥር ከሞላ ጥሩ ነው። ከታች በጉሮሮው በኩል ካበጠ ግን ጀርባውን አጎድጉዶ፣ አንገቱን ሽቅብ ይዞ ሲታገል ከርሟል ማለት ነው።

የሚያጠነክረው ሥራ ለዓይን አይማርክም። ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ መመላለስ። መሬት ላይ በተጋደሙ እንጨቶች ላይ ማራመድ። ቀለል ያለ ዳገት በእርምጃ መውጣት። ኮርቻ ሳይጫንም ካሮት ይዛችሁ አፍንጫውን ወደ ደረቱ፣ ወደ ጎኑ፣ ወደ ፊት እግሮቹ መካከል እንዲያመጣ አድርጉና ለጥቂት ሰከንድ ይቆይ። ይህ በሳምንት 5 ቀን ለ3 ወር ሲሠራ ከአከርካሪው ጋር የተያያዙት ጥልቅ ጡንቻዎች እንደሚወፍሩ በአልትራሳውንድ ተለክቶ ታይቷል። ማንም ጀርባው ላይ ሳይወጣ!

«አመለኛ ነው፤ አለንጋ ይፈልጋል»

እንግሊዛዊቷ የፈረስ ሐኪም ሱ ዳይሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 በሚጋለብ ፈረስ ላይ የሚታዩ 24 የሕመም ምልክቶችን ዘርዝረው አሳትመዋል። ጆሮን ወደኋላ አጣብቆ 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ መቆየት፣ ጭራን ደጋግሞ በኃይል መወርወር፣ አፍን መክፈትና መዝጋት፣ ምላስን ማውጣት፣ ወደፊት አልሄድም ማለት ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ከነዚህ 8ቱና ከዚያ በላይ ከታዩ ፈረሱ የጡንቻ ወይም የአጥንት ሕመም ሊኖርበት ይችላል።

አብዛኞቹን እኮ «አመል» ብለን ነው የምናልፋቸው። ትናንት እሺ ይል የነበረ ፈረስ ዛሬ እምቢ ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጥርሱ፣ ኮቴው፣ ጀርባው፣ ጨጓራው ይታይ። የሚያመውን ፈረስ መግረፍ ሕመሙን መደበቅ ነው የሚያስተምረው።

«አያነክስም፤ ስለዚህ ደህና ነው»

አንድ የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ ይታወቃል፤ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ሽቅብ ያነሳል። ሁለቱም እግሮቹ እኩል ሲያሙት ግን ይህ ላይታይ ይችላል። እርምጃው ያጥራል፣ ይገታል፣ «ሰነፍ» ይባላል። ኮርቻው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚንሸራተት ከሆነም ጋላቢውን ብቻ አትውቀሱ። የኋላ እግር ሕመምም ያንን ያመጣል።

«ኮርቻው ካልተስማማ ድብዳብ መጨመር ነው»

የጠበበ ጫማ ላይ ካልሲ መደረብ ነው። ኮርቻው ከ18ኛው፣ ማለትም ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ወደኋላ ማለፍ የለበትም። ስትወርዱ ላቡን እዩ። ጀርባው ረጥቦ አንድ ቦታ ብቻ ደርቆ ከተገኘ እዚያ ላይ እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ፈረሱ ሲጠነክር ቅርጹ ስለሚለወጥ ኮርቻው በየጊዜው መታየት አለበት።

«ብዙ ካስሮጥከው ይጠነክራል»

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጡንቻ ወራት ይፈልጋል፤ ጅማትና አጥንት ከዚያም በላይ ይዘገያሉ። ስለዚህ የማያለከልክ፣ «ገና ምንም አልሆነም» የሚያሰኝ ፈረስ እግሩ ግን ገና አልደረሰ ይሆናል። ጉዳት የሚመጣው በዚህ መሃል ነው። ጠባብ ክብ ላይ ረጅም ሰዓት ማዞርም መገጣጠሚያን ያደክማል። ጊዜውን ወይም ፍጥነቱን ስትጨምሩ ሁለቱን ባንዴ አትጨምሩ። በመሃል ዕረፍት ይኑረው። ወጣት ፈረስ ላይ ደግሞ እጥፍ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የአከርካሪው አጥንቶች እድገታቸውን የሚጨርሱት ከሌሎቹ አጥንቶች ኋላ፣ ወደ 5 እና 6 ዓመቱ ገደማ ነው።

«ፈረስ ትልቅ ነው፤ የሰው ክብደት ምኑም አይደል»

የተለመደው ልክ ጋላቢውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጡ ነው። 450 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 90 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ኮርቻውን ጨምሮ። ያልጠነከረ ፈረስ ከዚህም ያነሰ ይጫን። አወጣጡም ለውጥ አለው። ከመሬት ተነስቶ በአንድ እርካብ ተንጠልጥሎ መውጣት አከርካሪውን ወደ ጎን ይስባል። ከፍ ያለ መርገጫ ላይ ቆማችሁ ውጡ፤ ጎኑንም አንዳንዴ ቀያይሩ።