የካንቫስባክ ዳክዬ ልኬት፦ ክንፍ፣ ክብደት፣ ዕድሜ

ካንቫስባክ የሰሜን አሜሪካ ጠላቂ ዳክዬ ነው። ስሙ «ሸራ ጀርባ» እንደ ማለት ነው፤ የወንዱ ጀርባ ነጣ ያለ ሸራ ይመስላልና። ከታወቁት መክረሚያዎቹ አንዱ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ያለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ጥር ላይ ወደ ውኃው ዳር ብቅ ብትሉ ልታገኙት ትችላላችሁ። ክረምት ስል የነሱን ብርድ እንጂ የኛን ዝናብ አይደለም።

ክብደቱ ከ860 ግራም እስከ 1.6 ኪሎ ገደማ ነው። ትልቁ የትንሹን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ «1.1 ኪሎ መዘነ» ብቻ ቢባል ብዙም አይነግረንም። ለጎልማሳ ወንድ ክሳት ነው፤ ለዘንድሮ ሴት ጫጩት ግን ደህና ክብደት ነው።

ጾታውን መለየት ቀላል ነው። የወንዱ ራስ ቀይ ቡናማ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ፣ ደረቱ ጥቁር ነው። ሴቷ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ናት። የሚያስቸግረው ዕድሜው ነው። የዘንድሮ ጫጩት የጅራት ላባው ጫፍ ላይ የተሸረፈ ምልክት አለው፤ የጫጩትነት ለስላሳ ላባው ተጣብቆበት የነበረ ቦታ ነው። ብርዱ ሲገፋ ግን ያ ላባ ይረግፍና በአዲስ ይተካል። ያኔ የክንፉን ላባ ማየት ይመጣል። ካልሆነም ከጅራቱ ሥር ያለውን መውጫ ገለጥ አድርጎ በልጅነት ብቻ የምትገኘውን ትንሽ ከረጢት መፈለግ ነው። ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ዳክዬውም አይወደውም።

ክንፉ በማስመሪያ፣ መንቁሩና ቅልጥሙ በካሊፐር (በሁለት መንጋጋው ይዞ በሚለካ መሣሪያ) ይለካሉ። ለክብደቱ ዳክዬው ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይንጠለጠላል። አጥንት ቶሎ ያድጋል፤ በመጀመሪያው ክረምት የጫጩቱ ቅልጥም ከጎልማሳው እምብዛም አይለይም። ክንፉ ግን ያጥራል። የበረራ ላባው የበቀለው ሰውነቱ ገና እያደገ ሳለ ነው፤ እስከሚቀጥለው በጋ (የነሱ ሞቃት ወራት) ድረስም አይቀየርም። ስለዚህ ረጅሙ ክንፍ የጎልማሳ ወንድ፣ አጭሩ የዘንድሮ ሴት ነው።

ክብደት ደግሞ ከወር ወር ይዋዥቃል። ዳክዬው በክረምቱ መግቢያ ስብ ያጠራቅማል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ምግብ አጥቶ ነው እንዳይባል፣ በግቢ ተይዘው እንደልባቸው የሚቀለቡትም መሃል ክረምት ላይ መብላት ቀንሰው ከስተዋል። ልማዱ በደማቸው ያለ ይመስላል። ለዚህ ነው የኅዳርን ሚዛን ከየካቲቱ ጋር ማወዳደር የሚያሳስተው።

የተያዙበት መንገድም ሌላ ጣጣ ነው። እህል ተበትኖለት ወጥመድ የሚገባው በብዛት የራበው ነው። አዳኝ የሚጥለውም እንደዚሁ ከቀሪው መንጋ ቀለል ይላል።