የመጋዘን ቤት ሲታደስ የሚሰሙ ምክሮችና እውነታው

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ያረጀ የእህል መጋዘን ለመኖሪያ ተከፋፍሎ ሁለት ክፍል ደረሰኝ። ብዙ ሳልጥል፣ ብዙም ሳልገዛ ላድሰው ብዬ ስነሳ ያልመከረኝ ሰው የለም። ግማሹ ምክር ስህተት ነበር፤ ያውም ገንዘብ የሚያስወጣ ስህተት።

«እርጥበት የያዘ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖ ዘይት ቀለም ከተቀባ ይድናል»

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። የእኔ ግድግዳ ድንጋይ ነው። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተነፍቶ፣ በጣት ሲነኩት እንደ እንቁላል ቅርፊት ይፈረከሳል፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት አለ። ዱቄቱ ጨው ነው። ውሃ ከመሬት ጨው ይዞ በግንቡ ውስጥ ሽቅብ ይሳባል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። መተንፈሻውን በሲሚንቶና በዘይት ቀለም ሲዘጉበት እርጥበቱ መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። ዘንድሮ ጉልበት ላይ የነበረው ለከርሞ ወገብ ላይ ይገኛል።

መጀመሪያ የውጪው ነው የሚታየው፦ አሸንዳው ይፈሳል ወይ? አፈር ግድግዳው ላይ ተከምሯል ወይ? እኛ ጋ ተከምሮ ነበር፤ ዝቅ አድርገን ቦይ አወጣንለት። ከዚያ የሲሚንቶው ልስን ይነሳል፤ ግንቡ በጋውን ይደርቃል፤ በአንድ እጅ ኖራና በሦስት እጅ አሸዋ ይለሰናል። ኖራ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ለጥቂት ቀናት ውሃ እያርከፈከፉ ፀሐይ መከላከል ያስፈልጋል። ክረምት ሊገባ ሲል ግን አይጀመርም።

ግንበኛው «ኖራማ ደካማ ነው» ሲሉኝ፣ «ጋሼ፣ የጢስ ዓባይ ድንጋይ ድልድይስ?» አልኳቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖራ ተገንብቶ ዛሬም ሰው ይሻገርበታል። ሳቁና አካፋቸውን አነሱ።

«አፍርሶ በአዲስ መሥራት ይሻላል»

ለሻጩ ነው የሚሻለው። ሲሚንቶ ሲመረት ለምድጃው ከሚነደው ነዳጅ ሌላ፣ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርቦን ያወጣል፤ ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከዚሁ ነው። የቆመ ግድግዳ ያንን ዕዳ ድሮ ከፍሎ ጨርሷል።

«ሶላር ያልተከለ ቤት ለአካባቢ ተስማሚ አይባልም»

መብራት ሲጠፋ ሶላር ደግ ነው፤ አልክደውም። ግን የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመጣ ነው። ስለዚህ እዚህ ትልቁ ልዩነት ያለው በምንገዛው ዕቃ ላይ ነው።

«ባሕር ዳር ስለማይበርድ ኮርኒስ ላይ ሙቀት መከላከያ ትርፍ ነው»

ሚያዝያ ላይ በስምንት ሰዓት ባዶ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ መፍረድ ነው። ቆርቆሮውን ነጭ መቀባት፣ ከኮርኒሱ በላይ ነፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ በወንፊት ሸፍኖ መተው፤ የእኛን ቤት ያቀዘቀዘው ይኸው ነው።

«የጣሪያው ክዳን አስቤስቶስ ከሆነ ማስክ አድርጎ ሰብሮ ማውረድ ነው»

በፍጹም! አስቤስቶስ ብናኙ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ነው። ያልተሰበረና ያልተፈረፈረ ክዳን ካልተነካ ብናኙን እምብዛም አይለቅም፤ የሚለቀው ሲሰበር፣ ሲበሳ፣ በሽቦ ብሩሽ ሲፋቅ ነው። የጨርቅ ማስክ ደግሞ አያስቆመውም። መነሳቱ ግድ ከሆነ ውሃ እየረጨ ሳይሰብር የሚያወርድ ባለሙያ ይጠራ።

«የድሮ የብረት መስኮት በአሉሚኒየም ይቀየር»

ዝገቱ ተፋቀ፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ተቀባ፣ የረገፈው የመስታወት ስቱኮ ተተካ። ከስድስቱ አምስቱ መስኮቶች ይከፈታሉ። ስድስተኛው ማጠፊያ ይፈልጋል።