የኔዘርላንድስ አፈ ጉባኤ ፓርቲውን ይለቃል እንዴ?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ ላብራራው። አይለቅም። ግራ የሚያጋባን የእንግሊዝ ልማድ ነው። ለንደን ላይ አፈ ጉባኤ የሆነ ሰው ከፓርቲው ይወጣል፣ ድምፅ የሚሰጠውም እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። የኔዘርላንድስ ምክር ቤት ባለበት ሄግ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ኻዲጃ አሪብን እንውሰድ። ሞሮኮ ተወልደው በ15 ዓመታቸው ኔዘርላንድስ ገቡ። በ1998 እ.ኤ.አ. በሌበር ፓርቲ በኩል የምክር ቤት አባል ሆኑ። በ2016 አባላቱ በሚስጥር ድምፅ አፈ ጉባኤ አድርገው መረጧቸው። ወንበሩ ላይ ሆነውም የፓርቲያቸው አባል ነበሩ፣ እንደማንኛውም አባል ድምፅ ይሰጡ ነበር።

እንግዲህ ምክር ቤቱ 150 መቀመጫ አለው። ሁሉም ተገኝተው 75 ለ75 ቢወጣስ? አፈ ጉባኤዋ ገላጋይ ድምፅ የላትም፤ የሷ አንድ ድምፅ ቀድሞውኑ ከ75ቱ በአንዱ ውስጥ ተቆጥሯል። ሐሳቡ ወደቀ ማለት ነው፣ አለቀ።

ሥልጣኑ ያለው ሥርዓት በማስከበሩ ላይ ነው። አባላት እርስ በርስ «አንተ» እያሉ አይነታረኩም፤ «ቮርዚተር» (ሰብሳቢ) ብለው በአፈ ጉባኤው በኩል ነው የሚናገሩት። አፈ ጉባኤው ምን ያህል ጥብቅ ይሆናል፣ ተናጋሪን መቼ ያቋርጣል የሚለው ግን እንደ ሰውየው ጠባይ ይለያያል።

ምርጫ በተደረገ ቁጥር አዲሱ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ይመርጣል። አሪብ በ2021 ዳግም ተወዳድረው በቬራ በርግካምፕ ተሸነፉ። ከወንበሩ ወርደው ተራ አባል ሆነው ቀጠሉ።