ነጋድራስ ምንድን ነው?

ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው እንደ ፊታውራሪና ቀኛዝማች በማዕረግነቱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣና ዙሪያ ግን ነጋድራስነት በቅድሚያ ሥራ ነበር፤ ያውም አድካሚ ሥራ።

ያኔ ባሕር ዳር ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። ንግዱ የደራው በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ነው፦ ቆራጣ፣ ደሪጣ፣ ይፋግ፣ ከዚያም ጎንደር። ሲራራ ነጋዴው፣ ማለትም የሩቅ መንገድ ነጋዴው፣ ጎጃም ባሶ ገበያ ላይ ሸምቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር ይወጣል። ከጎንደር አንዱ መንገድ ወደ ምጽዋ፣ ሌላው በመተማ ወደ ሱዳን ይወስዳል። ጭነቱ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በቀንድ የታሸገ ዝባድ ነው። ሰውም ለሽያጭ ይነዳ ነበር። ስለ ሲራራ ንግድ ስናወራ ይህን ግፍ መዝለል የለብንም።

ባለጸጋው ነጋዴ ሁልጊዜ ራሱ አይጓዝም። ልጁን፣ ዘመዱን ወይም የሚያምነውን ሰው ወኪል አድርጎ ይልካል። ወኪሉ ከሌሎች ጋር ቅፍለት (አብሮ የሚጓዝ የነጋዴዎች ጓድ) ገብቶ በነጋድራሱ ሥር ይሄዳል። ሽፍታ ስላለ ብቻውን መንገድ የሚደፍር የለም። ክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ፎገራን ስለሚያጥለቀልቁት ጉዞው የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው።

ዋናው ፈተና ኬላው ነው። የየአገሩ ገዥ በመሻገሪያውና በገበያው መግቢያ ቀረጥ ያስከፍላል። እያንዳንዱ ነጋዴ ለብቻው ቢከራከር ሁሉም ይጎዳል። ስለዚህ ነጋድራሱ ስለ ሁሉም ይናገራል። ጭነት ይቆጠራል፣ በብር ይሁን በአሞሌ ይባላል፣ እጅ መንሻ ይጨመራል። ኬላ ጠባቂው ካኮረፈ ቅፍለቱ ቀናት ይቆማል። ስንቅ ያልቃል፣ በቅሎው ይከሳል።

ሒሳቡም ቀላል አይደለም። ትልቁ ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር ነው። በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት ያው በፈረንጆች 1780 ነው። ተቀባዩ አገላብጦ፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ነጠብጣቦች ሳይቀር አይቶ ነው የሚይዘው፤ መልኩ የደበዘዘውን ይመልሰዋል። ዝርዝሩ ደግሞ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ የሚመጣው ከአፋር በረሃ ስለሆነ ወደ ደቡብ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። አንድ ብር ጎንደር ላይ የሚገዛውን ያህል አሞሌ ባሶ ላይ አይገዛም። ይህን ልዩነት ጠንቅቆ የማያውቅ ወኪል የጌታውን ገንዘብ መንገድ ላይ ይጨርሳል። አሞሌው ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፣ ከተሰበረም ዋጋው ይወርዳል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ነጋድራሱ የቆመበት ቦታ ይመስለኛል። እንደ ጎንደር ባሉ ትልልቅ ገበያዎች ነጋድራሱን የሚሾመው ገዥው ነው፤ ቀረጡንም የሚሰበስበው ነጋድራሱ ራሱ ነው። ስለ ነጋዴው የሚከራከረውም ከነጋዴው የሚቀበለውም እሱ ሆነ ማለት ነው። ከሲራራ ነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች፣ ገዥዎቹ ደግሞ ክርስቲያኖች ነበሩ። ነጋድራሱ በሁለቱም ዘንድ ካልታመነ ሥራው አይሄድም። ቀረጥ ካበዛ ነጋዴው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ካሳነሰ ሹመቱን ያጣል።

በኋላ የመንግሥቱ ወገን አመዘነ። በምኒልክ ዘመን ነጋድራስ የጉምሩክ ሹምና የነጋዴዎች ዳኛ ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ የተሰጠው ለአዲስ አበባው ነጋድራስ ለኃይለጊዮርጊስ ወልደሚካኤል ነበር።